ክቡር አጣሪና አሥራ አንዱ የዓይን መርማሪዎች

በየቤተሰቡ ሳያጣራ ውሃ የማይጎነጭ አንድ ሰው አይጠፋም። ጃንጥላ ሲያማርጥ ቆይቶ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከሱቅ የሚወጣ፣ ጥርሱ እየጠዘጠዘው ስለ ጥርስ ሐኪሙ ጠባይ የሐኪሙን ጎረቤቶች የሚጠይቅ፣ ሌላው ሰው ገዝቶ፣ ተጠቅሞ፣ አርጅቶበት የጣለውን ዕቃ እሱ ገና "እስቲ ላጣራ" እያለ የሚዞር። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የሚያውቅ ካለ ይንገረን፤ እኛም እናጣራለን።

ልብስ ሰፊው ለዚህ ወገን አለቃው ናቸው። "ክቡር አጣሪ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው አጠገባቸው ባለው ሁለተኛው መኪና ላይ የምትሰፋው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ነው የምትላቸው። ለሱቁ አንድ ካውያ ለመምረጥ ሰባት ወር ፈጅተዋል። በሰባተኛው ወር ሻጩ ከሩቅ ሲያያቸው መጋረጃ ጀርባ ይገባ ጀመር። የተሰፋ ልብስ ሲያገኙ መጀመሪያ ገልብጠው ውስጡን ነው የሚያዩት። "ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል" ይላሉ።

ነገሩ ዓይን ላይ እስኪደርስ ድረስ ይህ ሁሉ ያስቅ ነበር። የልጅቷን እናት ዓይን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ አጥፍቶታል። አራት ዓመት ሙሉ መነጽር ቤቶች ወፍራሙን መስተዋት በባሰ ወፍራም ሲለውጡላት ወደ ዓይኗ ውስጥ የተመለከተ አንድም ሰው አልነበረም። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። "ይሄ በዘር የሚሄድ ነው፤ ልጅሽ በየዓመቱ ትመርመር" አላት ሐኪሙ። ልጅቷ በዚያው ሳምንት ልትመረመር ተነሣች። አጎቷ የያዙትን መቀስ አስቀመጡ።

"የት? ማን ዘንድ? እስቲ ላጣራ።"

ማጣራቱ አሥራ አራት ወር ወሰደ። ክቡርነታቸው በየጊዜው ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ደርበው ይወጡና በማግሥቱ ሪፖርት ያቀርባሉ። አንድ ጊዜማ ሪፖርቱን እያቀረቡ የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ አዙረው ገጠሙ። አንደኛው መርማሪ እጁን ሳይታጠብ የሰው ዓይን ይነካል። ሁለተኛው ቤት ከመሣሪያው መስታወቱ ይበዛል። አራተኛው ጥሩ ነበር፤ ግን ስልክ እያወራ ነው የሚመረምረው። ስድስተኛው "ይታይዎታል አይደል?" ብሎ ይጠይቅና "ይታይዎታል" ብሎ ራሱ ይመልሳል። ስምንተኛው ላይ ልጅቷን ነገሩ እጅ እጅ አላት።

"ጋሼ፣ ዓይን ልመረመር ነው እንጂ ልዳር አይደለም እኮ!"

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እሷም አንድ ቀን ክር ልገዛ ብላ ወጣችና መንገድ ዳር ያለው ትልቁ መነጽር ቤት ጎራ አለች። አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ቀይ ፍሬም አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ደረቷን ነፍታ ተመለሰች።

"አዩት፣ ጤነኛ ነው አሉኝ። ተገላገልን።"

"ስለ እናትሽ ጠየቁሽ?"

"ስለ እናቴ ምን አገባቸው? የሚታየው የኔ ዓይን ነው።"

አጎቷ ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አልተቆጡም። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

"እናትሽንም እንደዚሁ ነበር ጤነኛ ነሽ ያሏት" አሉ። "አሥራ አንደኛዋን አግኝቻለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት አብረን እንሄዳለን።"

የሄዱበት ቦታ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የተደረደረ ፍሬም የለም። የእጅ መታጠቢያ፣ የፊደል ሰሌዳ፣ አገጭ የሚያስደግፍ መሣሪያና ሁለት ወንበር፣ በቃ። መርማሪዋ የማንም ተቀጣሪ ያልሆነች፣ በግሏ የምትሠራ ጎልማሳ ሴት ናት። አጎትየው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ጥያቄው መጣ።

"ከቤተሰብሽ ዓይኑን ያመመው ሰው አለ?"

"እናቴ። ግላኮማ ነው። አሁን አታይም።"

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠችና አየቻት። ከዚያ በኋላ ያለው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። የዓይኗን ግፊት ሁለት ጊዜ ለካች፣ ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ አደረገችላት፣ እስኪሠራ ጠብቃ በብርሃን የዓይኗን ጀርባ ስታይ ቆየች። ጠብታውን እየጠበቁ ሳለ ነው መርማሪዋን ሳቅ ያመለጣት።

"አጎትሽን አውቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ሲመጡ ብሌናቸው ገና እንደሰፋ ነበር። 'ትናንት ሌላ ቦታ ጠብታ አድርገውልኝ ነው' አሉኝ። ከኔ በፊት አሥር ቦታ ተመርምረዋል።"

"እሳቸው? ምን ሆነው?"

"ምንም። ዓይናቸው የጎረምሳ ዓይን ነው። ስለ ቤተሰባቸው ስጠይቃቸው ግን ትኩር ብለው አዩኝና ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ምን ረስተው ነው ብላቸው፣ 'ዛሬም ትጠይቂኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው' አሉኝ።"

ልጅቷ አሥራ አንድ ወንበር ታያት። አጎቷ አሥራ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው፣ አሥራ አንድ ጊዜ ያቺን አንዲት ጥያቄ ሲጠብቁ። እጅጌውን አዙረው የገጠሙት የዚያ ደንበኛ ኮትም ለምን እንደዚያ እንደሆነ አሁን ገባት፤ ጠብታው ዓይናቸውን አደብዝዞት ነበር።

ውጤቱ በመጨረሻ ተነገራት። የቀኝ ዓይኗ ግፊት ከፍ ብሏል፤ ነርቩ ግን አልተነካም። ሐኪም ዘንድ ይዛው የምትሄድ ወረቀት ተጻፈላት፤ ጠብታ ሳትጀምር አትቀርም፣ ክትትሉም እስከ ዕድሜ ልክ ነው። "በጊዜው ነው የመጣሽው" አለቻት መርማሪዋ።

ስትወጣ አጎቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ጠየቀችሽ?"

"ጠየቀችኝ።"

"ከመቀመጥሽ በፊት ነው በኋላ?"

"በፊት።" የተባለችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሰውየው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ።

"አሥራ አራት ወር" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "አሥራ አራት ወር እኔ ነኝ ያቆየሁሽ። ዓይንሽ ቢጠፋ ኖሮስ?"

ልጅቷ እኚህን ሰው እንደዚያች ደቂቃ ወዳቸው አታውቅም።

"በጊዜው ነው የመጣሽው ብላኛለች፣ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ናት?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የመረጧት?"

ጥቂት አሰቡበት። ከዚያ ተነሥተው፣ ጠብታው ዓይኗን ስላደበዘዘው ክንዷን ይዘው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠሩላት አወረዷት።