አራት ሚስት ያገባው በረዶ

ፈጣሪ መንደር ሲያበጅ ለእያንዳንዱ አንድ ምንጭ፣ አንድ ሐሜተኛና ወንዝ ሲፈስ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው አድሎታል። ምንጩ ይደርቃል፣ ሐሜተኛውም አንድ ቀን ይሞታል፤ ሦስተኛው ግን የትም አይሄድም። እናንተ ወንዝ ስታዩ ወንዝ ታያላችሁ። እሱ የሚያየው ሥራ ፈቶ የሚንከራተት ጎረምሳ ነው፤ አንድ ነገር ካላሸከመው እንቅልፍ አይወስደውም።

የእኛ መንደር ድርሻ ክቡር ኡስታድ ሮዚ አሊ ናቸው፤ የነፋስ አጋፋሪ፣ የፀሐይ ባለሟል፣ የበረዶ ሚዜ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አንቱታው ግን እዚህ ላይ ይብቃ፤ የግድግዳ ጎረቤቴ ነውና ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል። ኡስታድ፣ ማለትም የእጅ ባለሙያ፣ የተባለው በወጣትነቱ ስካርዱ ከተማ ጂፕ ይጠግን ስለነበረ ነው። ጢሙን የብየዳ ብልጭታ እዚህም እዚያም ለብልቦታል፤ ሲራመድ ኪሱ ውስጥ ብሎን ይንኳኳል። ነፋስ ሲነፍስ ወይም ፀሐይ ስትከር ቆም ይልና አንገቱን ነቅንቆ፣ "ይኼ ሁሉ ጉልበት በከንቱ!" ይላል። ይህን የሰማች እንደሆነ ሚስቱ ካኒዝ ያሰጣችውን ልብስ ቶሎ ብላ ታነሣለች።

አንድ ዓመት አፕሪኮታችንን ጣራ ላይ ባሰጣንበት ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ሸለቆውን ይዞ የሚመጣውን ነፋስ አየና አንገቱን ነቀነቀ። ካኒዝ ልብሷን አነሣች፤ እኛ ግን አፕሪኮታችንን አላነሣንም። ከአሮጌ ድንኳን በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጠባብ የሆነ የሸራ ቱቦ ሰፋ። ነፋሱ በሰፊው ገብቶ በጠባቡ ሲወጣ በሳምንት የሚደርቀውን ፍሬ በአንድ ቀን ያደርቀዋል ብሎን ነበር። እውነትም ቀኑን ሙሉ አልፈጀም። የሦስት ቤት አፕሪኮት ከነሰሌኑ ብድግ ብሎ ወንዙን ተሻገረ። የማዶ መንደር ሰዎች በሳምንቱ ምስጋና ላኩብን፤ በሚቀጥለው ጊዜ በደንብ አድርቀን እንድንልክም አሳሰቡን።

ቀጥሎ ደግሞ የተጣለ የዲሽ ሳህን አግኝቶ ውስጡን በመስታወት ስብርባሪ ለበጠና በፀሐይ ሻይ ላፍላ አለ። ሻዩ ፈልቷል፤ ይኼን እመሰክራለሁ። ጨውና ቅቤ ጨምረን ደጅ ቁጭ ብለን ጠጣን፣ አመሰገንነውም። እኛ ስንጠጣ ግን ፀሐይ መንገዷን አላቋረጠችም፤ እሷ ፈቀቅ ስትል ከሳህኑ የሚወጣው ብርሃንም ፈቀቅ ብሎ የሐጂ ሲካንደር ድርቆሽ ላይ አረፈ። ሐጂ ሲካንደር የመንደራችን ሹም ናቸው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በጥቀርሻ የጠቆረ ፊታቸውን እየጠረጉ፣

"አንተ ሰው፣ ፀሐይ እንደምትሄድ አታውቅም?" አሉት።

"አውቃለሁ ሐጂ። እንዲህ ትፈጥናለች ብዬ አልጠበቅኩም።"

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሳቅ ነበር። በኋላ የመጣው የውሃ ጉዳይ ግን አላሳቀንም። የመንደሩ የላይኛው ሰፈር አሥር ቤት ነው፤ የእኔና የሮዚ አሊም ቤት እዚያው ነው። ምንጫችን ከዓመት ዓመት ቀጠነ። የተራራው በረዶ የሚቀልጠው በሰኔ ነው፣ ስንዴ የሚዘራው ደግሞ በሚያዝያ። ሁለት ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ወረደ። እኔ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ከሠላሳ አንድ ወደ ሃያ ሁለት ሲወርዱ ክፍል ውስጥ ባዶውን ወንበር ማየት አቃተኝ። ሌላ ሁለት የድርቅ ዓመት ቢጨመር የላይኛው ሰፈር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

እኛ አገር ውሃ ሲጠፋ በረዶ እንድራለን። ከአንዱ ተራራ ወንዴ በረዶ ይመጣል፤ ጥቁር ነው፣ አፈርና ጠጠር ይሸከማል፣ ሰነፍ ነው። ከሌላው ተራራ ሴቴዋ ትመጣለች፤ ነጭ ናት፣ ውሃ አትነፍግም። ሁለቱን ጥላ ከማይለየው ገደል ውስጥ አጎራብተን ከሰልና ገለባ እናለብሳቸዋለን፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ጠብቀን የወለዱትን ውሃ እንጠጣለን። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። ተሸካሚዎቹ በረዶውን መንገድ ላይ መሬት አያስነኩትም፤ ቦታው እስኪደርሱም አንዲት ቃል አይተነፍሱም።

"አሥራ ሁለት ዓመት?" አለ ሮዚ አሊ በስብሰባው ላይ። "ሐጂ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት እርስዎ የት እንደሚሆኑ ያውቃሉ?"

"ሥርዓት ይኑርህ። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል" አሉ ሐጂ።

"እንቁላሉማ ይሂድ፤ እኛ እስከዚያ በምን እንቆይ? ሥራውን የሚያጓትተው አንድ ለአንድ መዳሩ ነው። ሃይማኖታችን እስከ አራት ይፈቅድ የለም እንዴ?"

"በረዶ እኮ ነው የምታወራው!"

"በረዶስ የማን ፍጡር ነው?"

ሐጂ እጃቸውን አወናጭፈው ተቀመጡ። ከሴቶቹ ወገን ካኒዝ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "አራት ሚስት ያለበት ቤት ጸጥ ብሎ አያውቅም። ኋላ አልነገረችንም እንዳትሉኝ" አለች። ሰሚ አላገኘችም።

በኅዳር አንድ ሙሽራና አራት ሙሽሪት በቅርጫት ተሸክመን ወጣን። ሦስተኛዋ ሙሽሪት የእኔ ጀርባ ላይ ነበረች፤ ክብደቷን ዛሬም ወገቤ ያስታውሰዋል። ሮዚ አሊ ከፊት፣ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላው፣ ሁላችንም አፋችንን ለጉመን ስንሄድ አንድ ሰዓት ያህል በሰላም ተጓዝን። ከዚያ ፏፏቴው ዘንድ ደረስን። አንገቱ ሲነቀነቅ ከኋላ አየነው። ሐጂ በከዘራቸው ጎኑን ወጉት፣ ግን ዘግይተው ነበር።

"ይኼ ሁሉ ጉልበት..." አለ፤ የቀረውን በሁለት እጁ አፉ ውስጥ መልሶ ከተተው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሮዚ አሊ ዘንድ ግን ዝምታ ገና ቤት ሳይገባ ይነቅዛል። አራቱን ከዳረ በኋላም ጠብቅ ቢባል አልሰማም፤ ከላይኛው ጅረት ቧንቧ ስቦ በሙሽሮቹ ላይ ውሃ ይረጭ ጀመር። ማታ ይከፍተዋል፣ ውሃው አርፎበት እዚያው ይጋገራል፣ ጠዋት ይዘጋዋል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሠርቶ ነበር። ጥር ሲገባ የበረዶው ክምር አንድ ቤት አክሏል። ሐጂ ሳይቀሩ መጥተው በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ "ማሻአላህ" ብለው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን ሴት ልጁ ከተማ ወለደችና ሮዚ አሊና ካኒዝ አሥር ቀን ሊያርሷት ወረዱ። ሲመለሱ ቧንቧው እንደተከፈተ ነበር።

በረዶው ገደሉን ሞልቶ ወጥቷል። በትምህርት ቤቱ ግቢ አልፎ ሽንት ቤታችንን ከነበሩ ውጦታል። ልጆቹ ከቤታቸው እስከ ክፍሌ ደጃፍ በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ስለሚመጡ በዚያ ወር አንድም ተማሪ አልዘገየም፤ ወደ ቤት ለመመለስ ግን በገመድ እየጎተትን ነበር የምናወጣቸው። የሐጂ ሲካንደር ሞተር ብስክሌት ግቢያቸው ውስጥ እንደቆመ በረዶ ተደፍቶበት ከነመስታወቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐጂ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አጎንብሰው ያዩትና፣ "ጎማው ደህና ነው" ብለው ይገባሉ። ቧንቧውን እንዳንዘጋው መዝጊያው ከሁለት ሰው ቁመት በረዶ ሥር ነው። ከላይ እንዳንቆርጠው ወደ ጅረቱ የሚወስደው መንገድ ራሱ በረዶ ሆኗል።

"አላልኩም?" አለች ካኒዝ ወገቧን ይዛ። "አራቱ ተጣሉ። ይኸው አንዷ ትምህርት ቤቱ ጋ፣ አንዷ ሐጂ ግቢ፣ እያንዳንዷ ለየብቻ ቤት እየሠራች ነው!"

ሐጂ ስብሰባ ጠሩ። ሰዉ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። "ቧንቧውን ከፍተህ ነው ወደ ከተማ የሄድከው?" ብለው ሐጂ ጠየቁት።

ሮዚ አሊ አፉን ከፈተ። ዘወር ብሎ የተቀመጥነውን አንድ በአንድ ተመለከተን። ከዚያ አፉን መልሶ ገጠመው።

"ረሳሁት" አለ።

ይሄን ያህል አጭር መልስ ከእሱ ሰምተን ስለማናውቅ ሁላችንም ደነገጥን። ፍርዱ ግን ከበደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ፣ ነፋስም ሆነ ፀሐይ እንዳይነካ፣ የዚያ ዓመት የመስኖ ተራውም እንዲቀርበት ተወሰነ። ተራ የሌለው ሰው ስንዴም አፕሪኮትም የለውም። ካኒዝ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። ሮዚ አሊ ግን፣

"ጥላስ?" ብሎ ጠየቀ።

"ጥላ ሥር መቀመጥ ይፈቀድልሃል" አሉ ሐጂ።

በመጋቢት መጨረሻ በረዶው መቅለጥ ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው ወደ ክፍሌ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳውንና አራት ወንበር ይዞ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ረገምነው። በአራተኛው ቀን ረጋ ብሎ ቦዩን ያዘ፤ ስንዴ በሚዘራበት በዚያው ሳምንት፣ የዙሪያው መንደር ሁሉ ወደ ደረቅ ሰማይ አንጋጦ ሳለ፣ የላይኛው ሰፈር ቦይ እስከ አፉ ሞልቶ ወረደ። ከአባቴ የወረስኳቸው ዛፎች በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አብበው አያውቁም። ወደ ከተማ ከወረዱት አንደኛው ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ተመለሰ፤ ክፍሌ ውስጥ ሦስት ባዶ ቦታ ሞላ። የሐጂ ሞተር ብስክሌትም ከበረዶው ወጥቶ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣ።

ሐጂ ግን ከፍርዳቸው ንቅንቅ አላሉም። "ውሃው የፈጣሪ ነው፣ ጥፋቱ የሮዚ አሊ ነው" አሉ። የሰፈሩ ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ሲለብስ የእሱ ብቻ መሐል ላይ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

እስከ አሁን ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ሮዚ አሊ ወደ ከተማ ሲወርድ የቧንቧውን መፍቻ የሰጠው ለእኔ ነው። "ማስተር፣ ማታ ትከፍታለህ፣ ጠዋት ትዘጋለህ። ሌላ ምንም አትንካ" አለኝ። ሦስት ቀን እንዳለኝ አደረግኩ። በአራተኛው ጠዋት ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚደርቅበት ብርድ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዬ ስቤ፣ አንድ ቀን ተከፍቶ ቢውል ምን ይሆናል አልኩ። በማግሥቱም እንደዚያው አልኩ። በስድስተኛው ቀን መፍቻውን ይዤ ብሄድ የምፈታው ነገር አልነበረም።

በስብሰባው ላይ ዘወር ብሎ ሲያይ የፈለገው እኔን ነው። ሚስቱ አጠገቤ ካሉት ሴቶች መሐል ስታለቅስ መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልተነፈስኩም። ለበረዶ ሲል ከአንድ ሰዓት በላይ አፉን መያዝ ያቃተው ሰው ለእኔ ሲል ሦስት ወር ያዘ። ከዚያ በኋላ ባየሁት ቁጥር አፈር ግባ ግባ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሄድኩ። ከደረቀ ማሳው ዳር፣ በተፈቀደለት ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አንድ ጥርስ የረገፈ ጊር ያገላብጣል።

"ሮዚ አሊ፣ ሐጂ ዘንድ ሄጄ ልናገር ነው" አልኩት።

ጊሩ ከእጁ ወደቀ። "ምኑን?"

"የመፍቻውን ነዋ።"

"አብደሃል ማስተር? ሦስት ወር እንዴት ዝም እንዳልኩ ታውቃለህ? ለካኒዝ እንኳ አልተናገርኩም እኮ! ከመንደሩ አስተማሪውን አስባርሬ ልጆቹን ማን ሊያስተምርልኝ ነው ብዬ ትራሴን እየነከስኩ ነው የማድረው። አሁን መጥተህ ልታፈርሰው?" አንገቱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ይኼ ሁሉ ጉልበት በከንቱ!"

ዓርብ ከሶላት በኋላ ተናገርኩ። ሐጂ ሞተር ብስክሌታቸውን ያዩ በነበረበት ዓይን አጎንብሰው ብዙ አዩኝ፤ ከዚያ ውሃና ነፋስ አትንካ ያሉትን ሳያነሡ የእሱን የመስኖ ተራ መልሰው የእኔን ወሰዱ። ተገቢ ፍርድ ነው። ከትምህርት ቤቱ አልተባረርኩም፤ ካኒዝ ግን እስከ ዛሬ ስታልፍ ሰላምታዋን የምትሰጠው ለአህያዬ ነው።

ሮዚ አሊ ልፋቴን አበላሸህ ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ደጄ ቆመ።

"ማስተር፣ ከድልድዩ በታች ወንዙ እንዴት እንደሚሽከረከር አይተህ ታውቃለህ?"

"ውሃ እንዳትነካ ተከልክለሃል" አልኩት።

"የተከለከልኩት እኔ ነኝ። አንተን የከለከለህ አለ?"

ዛፎቼን አየሁ፣ ውሃ የለኝም። ክፍሌን አየሁ፣ ልጆቹ አሉ። ጫማዬን አድርጌ የገመዱን ጫፍ ተቀበልኩትና ተከተልኩት።