ሦስት ሳጥን ለአንድ አጎት

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ብሎ የሚመርቀን ሰው ሁለቱን ቃል በአንድ ትንፋሽ ስለሚያወጣቸው አንድ ነገር ይመስሉናል። መጦር ዓመታት ይፈጃል፤ መቅበር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለግማሽ ቀኑ ሥራ ሰው እንዴት እንደሚሽቀዳደም ልንገራችሁ፤ አንዷ ሯጭ እኔው ስለነበርኩ ከእኔ የተሻለ ምስክር አታገኙም።

አጎቴ ዘለቀ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔም ጧሪ ልጅ የለኝም። እዚህ ነገሌ፣ ከካምፑ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ከነበረንዳው፣ በደጁም ጥላው ሰፊ የሆነ ግራር ነበራቸው። «አስታሞ የቀበረ ይወርሳል» ይባላል መቼም። እኔ ደግሞ የነገሌ ቀትር ሲከብድ ዓይኔን ገልጬ የማልም ሴት ነኝ፤ ገበያ ቁጭ ብዬ በርበሬ እየሸጥኩ በዚያ በረንዳ ላይ ስንት ጊዜ መጋረጃ ሰቅያለሁ መሰላችሁ። ሰማያዊ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ የሚሄድ። በሕልሜ አጎቴን አንድም ቀን አላየኋቸውም። መጋረጃውን ብቻ።

አንድ ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ የአጎቴን ሞት ሲለፍፍ፣ እንባዬን እየጠረግኩ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አናጢው ነው። የቀብሩን ወጪ የቻለ ቤቱም የእሱ ነው ብዬ ነዋ። ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ ግማሹ ውጭ ቀርቶ፣ ጫፉን አቅፌ ስደርስ ደጁ ላይ አይሱዙ ቆሟል። የሌላው አጎቴ ልጅ በቀለ፣ የወርቅ ነጋዴው፣ ከክብረ መንግሥት ሳጥን አስጭኖ መጥቷል።

«እቴ አስካሉ፣ ምነው ተቸገርሽ? ወጪው የእኔ ነው» አለኝ።

«አንተ መንገደኛ ነህ፣ አረፍ በል። የእናቴን ወንድም እኔ እቀብራለሁ።»

«የአባቴም ወንድም ናቸው እኮ።»

ስንጓተት የእድሩ ዳኛ፣ እድሩ ለአባሉ የሚሰጠውን ሳጥን አሸክመው ደረሱ። ሦስቱን አየት አየት አደረጉና፣ «ሟቹ ስንት ናቸው?» አሉ። ለቅሶ ላይ እንደዚያ የተሳቀበት ቀን አላውቅም።

አጎቴ በእድራቸው ሳጥን ተቀበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያዋጡት ለዚሁ ነበር።

በሰልስቱ ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተቀምጠው፣ «ለመቅበሩ ሁላችሁም ተሻምታችኋል። ለመሆኑ ማን አስታመማቸው?» አሉን። በቀለ ጫማውን አየ። እኔ በረንዳውን አየሁ። ያኔ ዳኛው አጎቴ በምስክር ፊት ያስጻፉትን ኑዛዜ አወጡ። «ቤቱ ላስታመመችኝ ለአዴ ኩሌ ይሁን» ይላል።

አዴ ኩሌ ከሊበን ገጠር ወተት እየተቀበለች የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት። በዚያ ሁሉ ሕመም ጠዋት ጠዋት «አካም፣ ናጋ?» ብላ ገብታ፣ ወተት አጠጥታ፣ አገላብጣ፣ አጥባቸው የምትወጣው እሷ ነበረች። ከአጥሩ ውጭ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበርና ጠሯት። የተባለውን ሁለቴ አስደገመቻቸውና፣ «ቤቱ ይቆየኝ። የወተት ጮጮዬ ግን ውስጥ ቀርቶብኛል፤ ለነገ መያዣ የለኝም» አለች።

በቀለ ሳጥኑን መልሶ ጭኖ ሄደ። የእኔን ግን አናጢው መልሼ አልወስድም ስላለ ማሽላ አስቀምጥበታለሁ፤ አይጥ አይደፍረውም። ያ በረንዳ ዛሬም መጋረጃ የለውም። የታጠቡ ጮጮዎች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል፤ ነፋስ አፋቸው ላይ ሲያልፍ ቀስ ብለው ያፏጫሉ። እኔ ወተት አልወድም። ቢሆንም በየጠዋቱ ከእሷ እገዛለሁ፤ ጥቂት ቁጭ ብዬም እጫወታለሁ።

ሳጥኑማ አለኝ።