ከመብራት ማማው በስተምሥራቅ፣ ዘጠና ጫማ፣ አረንጓዴ

ሐይቅ ዳር ኖሮ ታውኖ ሃርጁን የማያውቅ ሰው የለም። ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ጀልባውም ሌላ፤ ሰውዬው ግን ያው ነው። ጎህ ሲቀድ በጭጋግ ውስጥ ብቻውን ይወጣል፤ ረፋዱ ላይ የበረዶ ሳጥኑ ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ብሎት ይመለሳል። ሌሎቻችን አንዲት ሚጢጢ ዓሣ ይዘን ወደቡ ላይ ፎቶ ስንነሳ፣ እሱ ክንድ የሚያህሉ ትራውት የሚባሉ ዓሣዎች እንደ ማገዶ ደርድሮ ቢላውን ይስላል። የት እንደያዛቸው ስትጠይቀው ደግሞ ዓይን ዓይንህን እያየ ይዋሽሃል።

ውሸቱ የተጣራ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፦ «ከመብራት ማማው በስተምሥራቅ አራት ማይል። ዘጠና ጫማ። አረንጓዴ።» ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ መንጠቆው ላይ የሚታሰረው የዓሣ ማባበያ ቀለም። ሦስቱም ውሸት ናቸው። እኛ የሱፒሪየር ሐይቅ ሰዎች፣ በተለይ የራንታ ወደብ ልጆች፣ ስለ ጤናችንም ሆነ ስለ ትዳራችን ከጠየቃችሁን እውነቱን እንነግራችኋለን። ስለ ዓሣ ቦታ እውነት መናገር ግን ሱሪ ለብሶ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ እንደ መግባት ነው፤ የሠለጠነ ሰው አያደርገውም። ስለዚህ ሁላችንም እንዋሻለን። ታውኖ ግን በዚህ ሙያ ሊቀ ሊቃውንት ነው።

ይህን የምናገረው በሩቁ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ወጥቻለሁ። እንጀራዬ ለሳምንታዊ ጋዜጣችን መጻፍ ስለሆነ ክቡርነታቸው መጀመሪያ ላይ ጀልባቸውን ሊያስረግጡኝ አልፈለጉም ነበር። በኋላ የፈቀዱልኝም በሕግ ነው። ስልክህን ስትገባ ዳቦ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለህ። ያለንበትን ቦታ የሚያሳየው ስክሪን በሰሃን ማድረቂያ ጨርቅ ተሸፍኖ ይውላል። እሱ ጨርቁን ገልጦ በሚያይበት ጊዜ ደግሞ አንተ ፊትህን ወደ ውሃው ታዞራለህ። መጀመሪያ ሰሞን ሰደበኝ ብዬ አኩርፌ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሳይነግረኝ መዞር ጀመርኩ።

ሥራውን ያየ ሰው ግን ሕጉን ይቅር ይላል። ጀልባው ኋላ ላይ አራት ማውረጃዎች ተተክለዋል፤ ቀጭን የሽቦ ገመድ የተጠመጠመባቸው፣ በእጀታ የሚዞሩ። በእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ትልቅ ብርቱካን የሚያክል የእርሳስ ኳስ ተንጠልጥሏል። ኳሱ ወደ ጥልቁ ሲወርድ የመንጠቆውን ክር በመቆንጠጫ ነክሶ ይዞት ይወርዳል። ዓሣ ሲጎትት ክሩ ከመቆንጠጫው ያመልጥና ጀልባው ላይ ጎብጦ የነበረው የማጥመጃ ዘንግ ቀጥ ይላል። እስከዚህ ድረስ ማንም ያደርገዋል። ታውኖ ግን በአንዱ ሽቦ ላይ ሁለት ሦስት ክር በተለያየ ጥልቀት ይደራርባል፤ ከየማባበያው ፊት የሚብለጨለጩ ቆርቆሮዎች ያሰልፋል፤ አሥሩን ክር በአንድ ጊዜ ብርሃን በማይደርስበት ውሃ ውስጥ ይጎትታል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲጠላለፍበት ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የነካካሁት እኔ ነኝ።

ሽቦው ላይ አንድ ጣቱን ያሳርፍና ፍጥነታችን ልክ መሆን አለመሆኑን ይነግርሃል። መሣሪያው ሌላ ቢል መሣሪያው ተሳስቷል። ሌላው አጥማጅ ኳሱ የሐይቁን ወለል እንዳይነካበት ሲሳቀቅ፣ እሱ ሆን ብሎ ወለሉ ላይ እያንኳኳ ጭቃውን ያስነሳል። «ጌታው ትራውት ሰነፍ ነው፤» ይለኛል በየጊዜው፣ አዲስ ነገር እንደሚያስተምር ሁሉ። «መጀመሪያ በሩ ይንኳኳል። ከዚያ ምሳው አፉ ድረስ ይቀርብለታል።»

ክረምቱን፣ በረዶው መስኮቱን እስኪሸፍን ድረስ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ማባበያዎቹን ይቀባል። ሁሉም ማዕረግ አላቸው። ሐምራዊዋ ወይዘሮ ናት፣ ጥቁሩ ሻለቃ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን እመቤት መዳብ ትገኛለች፤ ከአባቱ የመዳብ ማንቆርቆሪያ ቀጥቅጦ ያወጣት፣ ጠርዟ ላይ የመዶሻው ምልክት ያለባት። እሷን ውሃ ውስጥ የሚያስገባት ሰውነቷን በጨርቅ አድርቆላት ነው። እኔን አንድም ቀን እንደዚያ ተንከባክቦኝ አያውቅም።

ሚስቱ አይሊ ቦታውን አታውቀውም። በእንቅልፉ ሲያወራ ትሰማው እንደሆነ አንድ ቅዳሜ ከሳውና በኋላ ጠየቅኳት። «እንዴት አልሰማም፤» አለችኝ፤ «ከመብራት ማማው በስተምሥራቅ ነዋ የሚለው። ሰውዬው ተኝቶም ይዋሻል።» አንድ ዓመት ሳንባው ታሞ አልጋ ላይ ሲወድቅ ፓስተራችን ሊጠይቁት መጡና ኅሊናውን የከበደው ነገር እንዳለ በለሆሳስ ጠየቁት። እሱም በደከመ ድምፅ ዘጠና ጫማ ላይ አረንጓዴ እንዲጥሉ መከራቸው። ፓስተሩም አጥማጅ ናቸው፤ እንደዳነ ሄደው ሞከሩት።

ይህን ምሥጢር ከማንም በላይ የሚመኘው ዴል ቦደን ነው። ዴል የወደባችን ፈጣኑ ጀልባ ባለቤት፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊያችንና የታውኖ የዕድሜ ልክ ተቀናቃኝ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በሩቅ መነጽር ተከታትሎታል። አንድ ጊዜ ከኋላችን ሲመጣ ታውኖ አየውና አንዲት ክር ሳይጥል አራት ሰዓት ሙሉ ሐይቁን ሲያዞረው ዋለ። ባዶ ሳጥን ይዘን ተመለስን። ታውኖን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ዴል በበኩሉ በየጠዋቱ በሬዲዮ «ታውኖ፣ ዛሬ የት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ታውኖ የተለመደውን ይመልሳል፤ አሥር አሥራ አንድ ጀልባ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፤ ሁሉም በየጀልባው ይስቃል። ዴል ግን ሌላ ቦታ ሲነጥፍበት፣ ምናልባት ዛሬ እውነቱን ይሆናል ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ከልቡ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ነው።

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ውሃው እንደ መስታወት ሆኖ፣ አሥሩም ክር ተዘርግቶ ሳለ፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ። የበላሁት ፓስቲ፣ ሥጋ የተሞላው ዳቦ፣ ነው ብዬ ናቅኩት። ከዚያ ግራ እጄ ደነዘዘ፣ ላቤ ቀዘቀዘ፣ የበረዶ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ታውኖ አንድ ጊዜ አየኝ። «አይዞህ ካርሎ፤» አለኝ። አስፕሪን አፌ ውስጥ ከቶ እንዳኝከው አዘዘኝና ወለሉ ላይ አስተኛኝ።

የሱ ጀልባ ቀርፋፋ ናት፤ ወደብ ለመድረስ ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። ሊደርስልን የሚችለው ዴል ነው፤ እሳት አጥፊ ስለሆነ ኦክስጅንም፣ ልብ ቀጥ ሲል የሚያስነሳውም መሣሪያ ጀልባው ላይ አለው። ነገር ግን አሥር ክርና አራት ሽቦ ከኋላዋ ወደምትጎትት ጀልባ ማንም መጠጋት አይችልም፤ ያን ሁሉ ለመጠቅለል ደግሞ ሃያ ደቂቃ ያስፈልጋል። ታውኖ ጉጠቱን አነሳና አራቱን ሽቦ በየተራ በጠሳቸው። ክሮቹን በቢላ ቆረጣቸው። የአንድ ክረምት ሥራው ከነማዕረጉ ሐይቁ ውስጥ ሰመጠ። እመቤት መዳብም ከነሱ ጋር ሄደች። አንዴም ዞር ብሎ አላያቸውም፤ ወለሉ ላይ ተኝቼ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ሬዲዮውን አነሳ። «ታውኖ ነኝ። ካርሎን ልቡን አሞብኛል፤ ድረሱልኝ። ያለነው ከመብራት ማማው በስተምሥራቅ አራት ማይል ላይ ነው።»

ተንኮል አልነበረም። አፉ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ተናገረ እንጂ እሱ ያለውን እንኳ አልሰማውም። ከሬዲዮው የዴል ድምፅ መጣ፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

«ታውኖ፣ እኔ እኮ እዚያው ነኝ። አንተ የለህም።»

ታውኖ እጁ ላይ ያለውን ማይክሮፎን አየው፣ እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ ስስት ይኖር እንደሆነ ብዬ ፈለግኩ፤ ታሞም ቢሆን ጋዜጠኛ ጋዜጠኛ ነው። ያየሁት ሀፍረት ብቻ ነው። የሰሃን ጨርቁን ከስክሪኑ ላይ ገፈፈና ጣለው።

«ዴል፣ ዋሽቼ ነው፤» አለ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። እውነተኛውን ያዝ።»

ስክሪኑ ላይ ያለውን የቦታውን ቁጥርም ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ አነበበው። ያን ጠዋት አሥራ አንድ ጀልባ ሐይቁ ላይ ነበር፤ የሁሉም ሬዲዮ ክፍት ነበር። እኔ ቁጥሩን ሰምቼው እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ያን ሰዓት የማዳምጠው ልቤን ነበር።

ዴል በአሥራ አራት ደቂቃ ደረሰ። ኦክስጅኑን አፍንጫዬ ላይ ሲያደርግልኝ ዙሪያውን እንኳ ዞር ብሎ አላየም፤ አሥራ አምስት ዓመት የተመኘው ቦታ ላይ ቆሞ እኔን እኔን ብቻ ያይ ነበር። ሐኪሞቹ የተዘጋውን የደም ሥሬን ከፈቱት። ግማሽ ሰዓት ብዘገይ ኖሮ አልተርፍም ነበር አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አይሊ የሄል ዳቦዋን ይዛ ሆስፒታል መጣች። ታውኖ ሐይቁን ትቷል አለችኝ። በሐምሌ፣ ሰው ሁሉ ውሃ ላይ ሳለ፣ ምድር ቤት ገብቶ ቀለም እየቀባ ነው።

«ቆጭቶት እንዳይመስልህ፤» አለች። «ቢደገምም ያደርገዋል። አሥራ አንድ ጀልባ እዚያ ቦታ ላይ ተኮልኩሎ ማየት ነው ያቃተው።»

በነጋታው ዴል ሊጠይቀኝ መጣ። እኔም ደፈር ብዬ፣ እዚያ ቁጥር ላይ ዓሣው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የቱ ቁጥር?» አለ።

«ታውኖ በሬዲዮ የነገረህ ነዋ።»

ዴል በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አየ። «ያን ቀን ሬዲዮዬ ሲንኮሻኮሽ ነበር የዋለው፤» አለኝ። «ምንም አልሰማሁም።»

ምንም ሳይሰማ በአሥራ አራት ደቂቃ ያገኘን ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ፓስተሩን ጠየቅኳቸው፤ የሳቸውም ሬዲዮ ተንኮሻኩሿል። የነዳጅ ማደያውን ባለቤት ጠየቅኩት፤ የሱም እንደዚያው። ሰማዩ እንደ ብርጭቆ በጠራበት ማክሰኞ፣ የራንታ ወደብ ሬዲዮ በሙሉ ተበላሽቶ ነበር። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ይህን ስጽፍም አላፍርበትም። ለታውኖ ሄጄ ስነግረው ግን ከብሩሹ ቀና ሳይል፣ ውሸታሞች ናቸው፣ አትመናቸው አለኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐኪሜ ሲፈቅድልኝ በግድ ይዤው ወጣሁ። ስንደርስ የሩቅ መነጽሩን አንስቶ ዙሪያውን ቃኘ፤ አንዴ ቃኘ፣ ደግሞ ቃኘ። ውሃ ብቻ ነበር። አንድም ጀልባ የለም፤ አንድም የዘይት ጠብታ ውሃው ላይ አይታይም። አዲሶቹን የእርሳስ ኳሶች አወረደ፣ አሥሩን ክር ዘረጋ፣ በሩን ማንኳኳት ጀመረ። ስክሪኑን ሳይሸፍን መተዉን አየሁና ጨርቁን አንስቼ እኔው ሸፈንኩት። አይቶኛል።

ያኔ ሬዲዮው ተናገረ። «ታውኖ፣ ዛሬ የት ነህ?»

ታውኖ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ከመብራት ማማው በስተምሥራቅ አራት ማይል፤» አለ። «ዘጠና ጫማ። አረንጓዴ።»

«ገባኝ፤» አለ ዴል። «ወደዚያው እየሄድኩ ነው።»

በሩቁ፣ ከአድማሱ ሥር፣ የፈጣኑ ጀልባ ነጭ አረፋ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ አየን። ታውኖ ማይክሮፎኑን ሰቀለና ጨርቁን ከስክሪኑ ላይ አንስቶ ዓይኑን ይጠርግ ጀመር። እኔም እንደ ሕጉ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።