የስድስት ቀን ዘመቻ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ

የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ ከበሩ ተነቅሎ በወደቀ በሰባተኛው ዓመት፣ የሰፈሩ አናጢ «ነገ መጥቼ እገጥመዋለሁ» ብሎ በማለ በስድስት ዓመት ከአሥር ወሩ፣ የላይኛው ጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ኮርኒሱን ባረጠበ በሁለተኛው ዓመት፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ይኸውም ሰኞ ማለት ነው፣ ጽኑዐ ልብ ወድኩመ እድ፣ ይኸውም ልባቸው የጸና እጃቸው ግን የደከመ፣ የሠላሳ ሺህ ፋይል ጠባቂ፣ የክብ ማኅተም ባለአደራ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም ጌታችን መዝገበኛው በገዛ በራቸው ላይ ዘመቱ።

ያም ዘመን ዘመነ ዘፈን ይባል ነበር። ስለምን ቢሉ፣ በሩን ከውስጥ የሚይዘው አንዳች ነገር ስላልነበረ፣ የገባ ሁሉ መግባቱን በድምፁ ማሳወቅ ግድ ሆኖበት ነበርና ነው። እመቤቲቱ ልብስ ሰፊዋ የሠርግ ዘፈን ያወርዱ ነበር። ልጃቸው ተማሪዋ የኬሚስትሪ ትምህርቷን ከሃይድሮጅን ጀምራ ትወጣው ነበር፤ ብረት ላይ ስትደርስ ፀጉሯን እያለቀለቀች እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የእመቤቲቱ ወንድም ትኬት ቆራጩ፣ ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ አራት ዓመት የሰነበተው፣ የአውቶቡሱን ፌርማታዎች በየተራ ይጠራ ነበር፤ «መጨረሻ ነው፣ ሁላችሁም ውረዱ» ካለ ፎጣውን አነሣ ማለት ነው። ጌታችን ደግሞ የፋይል ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። ዝም ያለ ሰው በሩ ይበረገድበታል፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የቆየ ሰው በሩ ይደበደብበታል፤ አራት ሰውና አንድ መታጠቢያ ቤት ነውና። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ ማንም አላማረረም።

የጦርነቱም ምክንያት ይህ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የጌታችን ታላቅ እኅት ስልክ ደውለው የእናታቸውን ቃል አደረሱ። እናቲቱ ጉሮሯቸውን ታመው ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተው ድነው በእኅቲቱ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከሹክሹክታ አልፎ አልወጣ ብሎ ቀርቷል። ስለዚህ የሚያውጁትን በአንድ ሰው ጆሮ ይናገራሉ፤ ያ ሰው ደግሞ በአፉ ያሰማላቸዋል። አዋጃቸውም እንዲህ የሚል ነበር፦

«ቅዳሜ ጧት እመጣለሁ፤ ከእንግዲህ ከእናንተ ጋር ነኝ። የተለየ ምግብ፣ የተለየ አልጋ አልልም። ሁለት ወር ሙሉ መጋረጃ ውስጥ ተኝቼ፣ የመጣ ሁሉ ገለጥ እያደረገ ሲያየኝ ነው የከረምኩት። አሁን የምፈልገው ገብቼ ከውስጥ የምዘጋው በር ነው። እሱ ከሌለ ንገሩኝ፤ አላስቸግራችሁም፣ እዚሁ እቀራለሁ።»

ጌታችንም ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ተነካ። ሰባት ዓመት እየዘፈኑ ሲታጠቡ አንድ ቀን እንኳ መዝፈን የማይችል ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበርና። ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ ከማንም ሳይማከሩ፣ በስልኩ ውስጥ «በሩ ይዘጋል» ብለው አወጁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው በግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ነገር ሁሉ ትልቁ የቀን መቁጠሪያ ሲሆን፣ እርሱም በሦስተኛው ቀን ወድቋል።

የሠራዊቱም ሰልፍ እንዲህ ነበረ። በቀኝ ክንፍ ትኬት ቆራጩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ በተዋሰው ካቻቪቴና በማያልቅ ቀልዱ፤ በግራ ክንፍ ተማሪዋ በእጅ ባትሪና በጥያቄዋ፤ በደጀን እመቤቲቱ በልብስ ስፌት ሜትራቸውና በቅንድባቸው። በመካከል ጌታችን፣ እጀታው የላላ መዶሻ ይዘው፣ አዲሱን መቀርቀሪያ ከነአራት ብሎኑ በደረት ኪሳቸው አኑረው። በብብታቸው ሥር ደግሞ አዲስ ፋይል ነበረ፤ በላዩም «የበር ጉዳይ» ተብሎ ተጽፎበታል። መዝገበኛ ሰው ያለ ፋይል አይዘምትም።

ሰኞ ዕለት ጦሩ ገጠመ። ጌታችን ብሎኑን በበሩ ላይ አቁመው፣ መሰርሰሪያ ለምን ያስፈልጋል ብለው ንቀው፣ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ቢመቱት እንጨቱ ከላይ እስከ ክርናቸው ትክክል ተሰነጠቀ፤ መዶሻውም ከእጀታው ተለይቶ ወደ ባልዲው ገባ። በዚያ ቀን የወደቁት፦ አንድ ባልዲ፣ አንድ የሳሙና ማስቀመጫ፣ የጌታችን የግራ አውራ ጣት ጥፍር። ሠራዊቱም ተመለሰ። ጌታችን ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው «ብሎን በመዶሻ አይገባም» ብለው አሰፈሩ።

ማክሰኞ ማታ መሰርሰሪያ ከጎረቤት ተዋሱና ስንጥቁን በማጣበቂያ አስይዘው ዳግመኛ ተነሡ። ነገር ግን እመቤቲቱ ገብተው ዘፈናቸውን ጀምረው ነበር፤ ጌታችንም ጊዜ እንዳያልፍባቸው ከውጭ ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ምን ያደርጋል፣ እጃቸው ያን ቀን ተሳካላት፤ አራቱም ብሎኖች እንደ ቅቤ ገቡ፣ መቀርቀሪያውም ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ፣ ብረቱም በመቃኑ ፊት ተሻግሮ በሩን ያዘ። ጌታችን በደስታ ዘጉት። ዘፈኑም ወዲያው ቆመ፤ በምትኩ ከውስጥ ይህ አዋጅ ተሰማ፦

«እዚህ ቤት ያላችሁ በሙሉ ስሙ። ሳሙና ዓይኔ ገብቷል፣ በሩ አልከፈት ብሏል። ከውጭ የቆለፈብኝ ማንም ይሁን ማን፣ ከፍቶልኝ እኔ ሳልወጣ ከዚህ ሰፈር ይራቅ።»

ጌታችን ከፍተው እስከ ጎዳናው ጥግ ድረስ በክብር አፈገፈጉ። ያን ሌሊት ሶፋ ላይ አደሩ። በሁለተኛውም ገጽ «መቀርቀሪያ የሚገጠመው ሰውየው ባለበት ወገን ነው» ተብሎ ተጻፈ፤ ትኬት ቆራጩም ይህን አንብቦ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ተናገረ።

ረቡዕ ማታ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ታጥቦ ካበቃ በኋላ፣ መቀርቀሪያውን ወደ ውስጥ አዛወሩት። አሁን የቀረው ብረቱ የሚገባበትን ቀዳዳ በመቃኑ ላይ መብሳት ነበር። እመቤቲቱ ገና አኩርፈው ስለነበር ሜትራቸውን ከለከሉ። ጌታችንም በዓይናቸው ገምተው ቢበሱ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆነ፤ ሁለተኛ ቢበሱ ወደ ታች ሆነ። በዚህን ጊዜ ከፋይሉ አጠገብ የተቀመጠውን የማኅተም ቀለም አዩ። አእምሯቸውም በራ። የብረቱን ጫፍ ቀለም ቀብተው፣ በሩን ዘግተው፣ መቀርቀሪያውን ወደ መቃኑ ገፉት፤ ሲከፍቱ በእንጨቱ ላይ ክብ ሰማያዊ ማኅተም ታትሞ ተገኘ። በማኅተሙ ላይ በሱ፤ ብረቱም ሰተት ብሎ ገባ። ሃያ ስምንት ዓመት በወረቀት ላይ ማኅተም የመቱ እጆች በስተመጨረሻ የሚያውቁትን ሥራ አገኙ።

ሐሙስ ጧት ግን ጌታችን ተነሥተው ቢሞክሩት ብረቱ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። ቀዳዳው ከስፍራው የጥፍር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ጌታችን ተሳስቻለሁ ብለው አፈሩና ያን ቀዳዳ ከሁለቱ ወንድሞቹ ጋር በእንጨት ስንጣሪና በማጣበቂያ ደፈኑት፤ ማንም እንዳያየውም ቀለም ቀቡት። እንደ ገና በማኅተም ምልክት አድርገው አዲስ በሱ። ገባም። ከቁርስ በፊት አራቱም ሰዎች በየተራ እየገቡ ሞከሩት፤ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ጌታችንም ወንበር ላይ ቆመው አወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት መዝፈን በፈቃድ ነው። ግዴታው ቀርቷል። የፈለገ ዝም ብሎ ይታጠብ።»

ማታ በዚህ አዋጅ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ትኬት ቆራጩ ሆነ። እናትና ልጅ ታጥበው ከወጡ በኋላ ገባ፤ መቀርቀሪያውን ገፋው፤ የገባ መሰለው፤ አንድም ፌርማታ ሳይጠራ ውኃውን ከፈተ። ብረቱ ግን ከመቃኑ ጋር ተጋጭቶ ቀርቶ ነበርና፣ እኅቱ እመቤቲቱ የረሱትን ማበጠሪያ ሊያነሡ በሩን በረገዱበት። ያን ጊዜ ትኬት ቆራጩ ሁሉንም ፌርማታ በአንድ ትንፋሽ ጠራ፤ ጎረቤት ሳይቀር ሰማ። ጌታችን በአራተኛው ገጽ ላይ «ጧት ዘጋ፤ ማታ እምቢ አለ። ምክንያቱ አልታወቀም» ብለው ጻፉ።

ዓርብ ጧት ትኬት ቆራጩ ገና ፊቱ ሳይበርድ ሠራዊቱን ሰብስቦ እንዲህ አወጀ፦

«ጋሼ፣ መሸነፍ ነውር አይደለም። አራት ቀን ታግለዋል፤ ይበቃል። እኔ ደህና ወፍራም መጋረጃ አመጣለሁ፤ እማማ ሲገቡ አንዳችን በር ላይ እንቆማለን። ምን ይላሉ?»

በክፋት አልተናገረውም። ጌታችን ግን መጋረጃ የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ያዙ፤ የታሰረ ጫማ ነበር። ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ። እዚያም ስልኩን አንሥተው የእኅታቸውን ቁጥር መምታት ጀመሩ። እናታቸውን አይምጡ ሊሉ ነበር። ግማሹን ቁጥር መትተው ቆዩና ስልኩን አኖሩት፤ መጀመሪያ ፋይሉ ላይ «ጉዳዩ አልተሳካም» ተብሎ መጻፍ አለበት። ሆኖም በመዝገብ ቤት ሕግ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያልተነበበ ፋይል ላይ ውሳኔ አይጻፍም። ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

አንዴ አነበቡ። ሁለተኛ አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን በሰዓቶቹ ላይ አኖሩ። የረቡዕ ቀዳዳ ማታ፣ ሁሉም ከታጠበ በኋላ የተበሳ ነበር፤ ማታ ገባ፣ ጧት አልገባም። የሐሙስ ቀዳዳ ጧት፣ ማንም ሳይታጠብ የተበሳ ነበር፤ ጧት ገባ፣ ማታ አልገባም። ይኸውም በሩ እንጨት ነውና እንፋሎት ሲጠጣ ያብጣል፣ ብረቱንም ከፍ ያደርገዋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ሁለቱም ማኅተሞች እውነት ነበሩ። ጌታችን በኀፍረት የደፈኑት ቀዳዳ ትክክለኛ ቀዳዳ ነበረ። እኒህ ታላቅ ሰው በሥራ ሰዓት፣ በሠራተኞቻቸው ፊት፣ ብቻቸውን ሳቁ።

እኩለ ቀን ላይ አስፈቅደው ወጡ። ሞረድ ገዙ። እቤት ገብተው የቀቡትን ቀለም ፋቁ፣ የደፈኑትን ስንጣሪ አወጡ፤ የረቡዕንና የሐሙስን ቀዳዳ እየሞረዱ አንድ ረዥም ቀዳዳ አደረጓቸው። በደረቅ በር ሞከሩት፤ ዘጋ። ከዚያ ማዕድ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ አወጁ፦

«ቆሻሻም ሆናችሁ ንጹሕ፣ ሁላችሁም አሁን ትታጠባላችሁ። በሙቅ ውኃ። በተከታታይ። ሰበብ አልቀበልም።»

ሠራዊቱ እያጉረመረመ ታጠበ። ትኬት ቆራጩ ሁለት ጊዜ ታጠበ። ግድግዳው አላበው፣ መስተዋቱ ታወረ፣ በሩ አበጠ። ጌታችን በእንፋሎቱ መካከል ገብተው መቀርቀሪያውን ገፉት፤ ሰተት ብሎ ገባ። እመቤቲቱም ከደጀን መጥተው የልብስ ስፌት ሜትራቸውን በባላቸው አንገት ላይ እንደ ሽልማት አጠለቁላቸው፤ ኩርፊያውም በዚያው አበቃ።

ቅዳሜ ጧት እናቲቱ አንድ ቦርሳና የራሳቸውን ፎጣ ይዘው መጡ። ከሰላምታው በኋላ አልተቀመጡም፤ በዓይናቸው በሩን ፈለጉ። ሠራዊቱ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። እናቲቱ በመካከል አለፉ፣ ገቡ፣ ዘጉ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያም በሩ ከውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ፤ እየፈተኑት ነበር። በሩ ንቅንቅ አላለም። ቆይቶ ውኃው ተከፈተ። ከእርሱ በቀር አንዳች ድምፅ አልነበረም፤ በዚያ ቤት በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው በዝምታ ታጠበ።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። ለሥራ የዘገየው ትኬት ቆራጭ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ በልማዱ ሊያንኳኳ ጡጫውን አነሣ፤ ጌታችንን አያቸው፤ ጡጫውን አወረደና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ተማሪዋም አጠገቡ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አላንኳኳም። እናቲቱ ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ በወጡ ጊዜ፣ ጎንበስ ብለው በልጅ ልጃቸው ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እርሷም ቆማ አሰማች፦

«አልቸኮልኩም።»

ጌታችንም ፊታቸውን ወደ መቃኑ አዙረው፣ ከዚያ ላይ የሌለውን አቧራ በእጃቸው ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ፣ ከሰኞው እስከ ዓርቡ የወደቀውን ሁሉ ገጽ በገጽ የጻፈ፣ የጻፈውንም መልሶ ለማንበብ ያላፈረ፣ እርሱን የሚመስል ማን እንደሆነ ንገሩን። ሞዐ ብሎን ዘእምነገደ መዝገብ ቤት፣ የባልዲ ሰባሪ፣ የእንፋሎት ድል ነሺ፣ ባለ ዘጠኝ ጥፍሩ ጌታችን መዝገበኛው ዘመናቸው ይርዘም፤ አናጢውም ነገ ይምጣ፤ ሠራዊቱ የዘፈነም ዝም ያለም በደህና ይታጠብ። በሩ ይዘጋል።