አፈር ስሆን ያልተባለ ጅብ

በየወረዳው አንድ አለ፤ የሌለበት ወረዳ ካለ ገና ያልተቋቋመ ነው። የሰው ቤት ምግብ የማይቀምስ ሰው። ብላ ሲሉት «ኧረ አሁን በልቼ ነው የወጣሁ» ይላል። ጠጣ ሲሉት አልጠማኝም፣ ተቀመጥ ሲሉት መቆም ለጤና ጥሩ ነው ይላል። ሆዱ ግን በዚያው ሰዓት እንደ ጭነት አይሱዙ ዳገት እየወጣ ነው።

መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አናጢ ጋሽ ሽመክት ናቸው። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ በር የሰቀሉበት፣ ጣሪያ የመቱበት፣ ቁም ሣጥን ያቆሙበት ቤት ብዙ ነው፤ ምሳ የበሉበት ቤት ግን የለም። አንድ ሠርግ ላይ ተቀመጡ እንዳይባሉ ከአስተናጋጆች ጋር ተደባልቀው ሲያመላልሱ ዋሉ። የሙሽራው አባት «ጋሽ ሽመክት፣ በሉ እንዴ?» ቢላቸው «በደንብ!» አሉ። የዚያን ቀን አፋቸው የገባ ነገር ቢኖር መፋቂያቸው ነው። ውሻ ነክሷቸው የውሻውን ባለቤት «አስደነገጥኩባችሁ» ብለው ይቅርታ የጠየቁም እሳቸው ናቸው። ቅዳሴ መሐል አስነጥሷቸው ዓመቱን ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ።

አገሩም ለመደ። «እሳቸው እኮ አይበሉም» ተባለና ደጋሹ ሁሉ አንዴ «እንብላ» ብሎ የሚተዋቸው ሆነ።

ይህን ሁሉ ከማንም አብልጣ የምታውቀው የእህታቸው ልጅ እስከዳር ናት። እናቷ ስትሞትባት ወስደው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምራ መሐል ሜዳ ላይ በአወቀ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች፤ ደንበኛ በጠፋና መብራት ባለ ጊዜ ደግሞ ጌም ትሠራለች።

የጌሟ ባለታሪክ አያ ጅቦ ነው። በተረቱ አያ ጅቦ ሆዳም ነው፤ የቀረበለትን ይውጣል፣ ያልቀረበለትንም ሄዶ ይውጣል። እስከዳር ግን «ሆዳም ጅብማ ማንም ይሠራል» አለች። የእሷ ጅብ ይሉኝተኛ ሆነ። ርቦት ድግስ ቤት ደጃፍ ይደርሳል፤ ግባ ሲሉት አይገባም። ተጫዋቹ ደጋሽ ነው። አንዴ ሲጋብዘው ጅቡ «በልቼ ነው» ይላል፤ ጨዋ ነዋ። ደግሞ ሲለምነው አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል። ሦስተኛ ላይ «አፈር ስሆን!» የሚለው ቁልፍ ሳይረፍድ ከተነካ ጅቡ ይገባል፣ ይበላል፣ ይመርቃል። ከረፈደ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ እየታየ ወደ ጓሳ ዱር ይመለሳል። መንዝ ውስጥ እንግዳ የተቀበለ ሁሉ ይህን ደንብ ሳይነግሩት ያውቀዋል።

እስከዚህ ነውር የለውም። ነውሩ የሚጀምረው ከኮቱ ነው። እስከዳር ለጅቡ የጋሽ ሽመክትን ቡናማ ኮት አለበሰችው፤ እርሳሳቸውን ጆሮው ላይ ሰካችለት፤ አንድ ትከሻ ጣል አድርገው የሚሄዱበትን አረማመድ ሰጠችው። ከዚያ ድምፅ አስፈለገ። እሳቸው ሊጠይቋት የመጡ ቀን ምሳ አቀረበችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ቀዳቻቸው፦ «ኧረ እኔስ ጥግብ ብዬ ነው የወጣሁ፤ አትቸገሪ።» ወዲያው ሆዳቸው ጮኸ። እሱንም ቀዳችው። «ጋሼ እንደሁ ኮምፒውተር አጠገብ አይደርሱም» ብላ ራሷን አጽናናች።

በ2006 ዓ.ም. በመሐል ሜዳ የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ትርዒት ተዘጋጀ። «ልማታችን ይፋጠናል» የሚል ጨርቅ ከላይ፣ ፊልም ማሳያ ነጭ አቡጀዲ ከታች ተወጠረ። ጌሙን በክብር እንድትከፍት የተጋበዘችው የምግብ ቤት ባለቤቷ ወይዘሮ ኮከቤ ነበረች፤ በዚያ ከተማ በደግነቷ የሚወዳደራት የለም። የቤቷን በርና ጠረጴዛ ሁሉ የሠሩት ጋሽ ሽመክት ናቸው።

እስከዳር ሕዝቡን ስታይ ከበሩ ሥር ቡናማ ኮት አየች። አንድ የሞላሌ ሹፌር «ልጅዎ ልትሸለም ነው» ብሎ ጭኗቸው መጥቷል። ወንበር ሞልቶ ሳለ ቆመዋል።

በማስነጠሳቸው ራሳቸውን ዓመት የቀጡ ሰው፣ አዳራሽ ሙሉ ሲሥቅባቸው ካዩ መሐል ሜዳን ዳግም አይረግጡም። ግማሽ ሥራቸው ደግሞ እዚሁ ነው። የእሷንስ ቤት?

ኮምፒውተሩ አጠገብ ወደቆመው አሠሪዋ ጠጋ አለች። «አወቀ፣ ተበላሽቷል በልና አጥፋው!»

«ምን ተበላሸ? ፏ ብሎ እየሠራ!»

ጅቡ ትከሻውን ጣል አድርጎ ወጣ። አንዱ «እመብርሃንን! ጋሽ ሽመክት!» አለና አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እስከዳር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ሳትለመን በገባች ነበር።

ኮከቤ አንዴ ቁልፉን ነካች። «ኧረ እኔስ ጥግብ ብዬ ነው የወጣሁ» አለ ጅቡ፣ ሆዱም ተከተለ። ሰው እንባውን ይጠርጋል። ኮከቤ እጇን ከቁልፉ አነሣች።

«አልበላም አለ እኮ። ምን ላድርገው? ይሂዳ!»

ለማኝ ቢያጣ ጅቡ አፈገፈገ። የመጀመሪያው አጥንት ታየ። ዓይኑን ግን ከድስቱ ላይ አልነቀለም።

«ኧረ ለምኚው!»

ድምፁ ከበሩ ሥር ነበር። የጅቡ ድምፅ ነው፤ ግን ጅቡ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም።

«አንዴ ብለሽ ትተይዋለሽ? ርቦታል እኮ! ደግመሽ በይው! በር ላይ ቆሞ አብሉኝ ይበልሽ እንዴ?»

ሣቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ኮከቤ ቁልፉን ፈልጋ እስክታገኝ ረፈደ። ጅቡ ሄደ። በየወንበሩ የተቀመጠው ሰው ወደ በሩ ማየት አፍሮ ጫማውን ያያል። የየቤቱ በር በማን እንደተሰቀለ ሁሉም ያውቃል፤ የሰቀለው ሰው ያን ቀን ምን እንደበላ ግን የሚያስታውስ የለም።

ጋሽ ሽመክት ወጥተው ነበር። እስከዳር ከአጥሩ ጥግ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ድምፅዎን ሳልጠይቅ ወሰድኩ። አሣቅሁብዎ።»

«ሣቁስ ደግ ነው። እኔ ነኝ እንጂ በአደባባይ ራበኝ ብዬ የጮኽኩ።»

«ለጅቡ እኮ ነው የጮኹት።»

«አንቺ ልጅ፣ ኮቱን እንኳ አልቀየርሽለትም።»

እስከዳር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።»

«ተይው፣ ይሂድ። የሆዱን ጩኸት ብቻ አውጪለት፤ የሰው ሆድ ለሰው አይሰጥም።»

ይህን ጊዜ ኮከቤ ጫማዋን እየጎተተች ደረሰች።

«ጋሽ ሽመክት፣ ቤት እንሂድ፤ ምሳ ደርሷል።»

«ኧረ እኔስ በልቼ...»

«አልበሉም!»

«ሹፌሩ ይጠብቀኛል...»

«በሞቴ!»

«ሌላ ቀን እንጂ ዛሬ...»

«አፈር ስሆን፣ ጋሽ ሽመክት! አፈር ስሆን!» እጅጌያቸውን ይዛለች፤ የምትለቅም አትመስልም።

ሄዱ።

ራሳቸው ከሠሩት ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ የበግ ወጥ ቀረበ። እስከዳር ሰው ካያቸው ምግቡ እንደማይወርድላቸው ታውቃለችና ወደ መስኮቱ ዞራ መንገዱን ታይ ጀመር። ልጅ ሳለች «አንቺ ብዪ፣ እኔ በልቻለሁ» ይሏት ነበር። ትበላ ነበር። አዳራሹ ሁሉ የተወው ቢያንስ እንግዳውን ነው፤ እሷ ግን አሳዳጊዋን። እሷ አንድ ቀን እንኳ «እውነት በልተዋል?» ብላ አልደገመችም፤ ማመኑ ተስማምቷት ነበር።

ከኋላዋ ለረጅም ጊዜ የሰሃን ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ ያለ፣ ፈራ ተባ የሚል ቃል ሰማች።

«ኮከቤ... ከወጡ ትንሽ ብትጨምሪልኝ?»

እስከዳር አልዞረችም።

ጌሙ ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛ የወጣው ጭስ የማያበዛ ምድጃ ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጅቡን ሳይለምን አይሄድም። የጅቡ ሆድ ግን አሁን አይጮኽም። አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ ሦስት ዙር ተጫውታ ተሸነፈችና ተበሳጨች።

«ይሄ ጅብ አንዳንዴ እንኳ ራሱ ጨምሩልኝ አይልም?»

«አይልም» አለች እስከዳር፣ ወረቀት እያስተካከለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ብሎ አያውቅም።»