ገና እየተቀረጸች ያለች ልጅ

(ሁለት አልጋ ያለበት የኪራይ ክፍል። ደራሲው ጋደም ብሎ ጣራ ጣራውን ያያል። አብሮት የሚኖረው የአክስቱ ልጅ፣ ቤት ቀለም ቀቢው፣ ጥፍሩ ላይ የደረቀውን ቀለም በጋዝ እየፈተገ ነው።)

ደራሲው፦ እስክሪብቶዋን የምትሰካው በግራ ጆሮዋ ላይ ነው አልኩህ።

ቀቢው፦ በቀኝ ነው።

ደራሲው፦ እኔ የፈጠርኳትን ሴት አንተ ልታርምልኝ ነው? የልቦለዴ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው።

ቀቢው፦ መታጠፊያው ላይ ያለው?

ደራሲው፦ የምናብ መድኃኒት ቤት።

ቀቢው፦ እሱን አልቀባሁትም። የመታጠፊያውን ግን እኔ ነኝ የቀባሁት። እዚያ ያለችው በቀኝ ነው የምትሰካው።

ደራሲው፦ ተወው ባክህ። ገና እየቀረጽኳት ነው።

ቀቢው፦ (መፈተጉን አቁሞ) ሳታውቅ? በስልክህ?

ደራሲው፦ በአእምሮዬ ነው፣ አንተ ድንጋይ። ልቦለድ ዝም ተብሎ አይጀመርም። መጀመሪያ ገጸ ባሕርይ መብሰል አለበት።

ቀቢው፦ ይኸው ስንት ክረምት አለፈው። እሳቱ ጠፍቶብህ እንዳይሆን።

ደራሲው፦ ምን እንደምትመኝ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ምን እንደምትደብቅ ሳላውቅ አንድ ቃል አልጽፍም።

ቀቢው፦ ታዲያ ጠይቃታ።

ደራሲው፦ ገጸ ባሕርይ አይጠየቅም፤ ይጠናል። (ተነስቶ ይቀመጣል) የምትደብቀውን ደርሼበታለሁ። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ የራስ ምታት ኪኒን የሚገዛ አንድ ዝምተኛ ሰው አለ። ራሱን አሞት አያውቅም፤ እሷን ሊያይ ነው የሚመጣው። እሷም ልቧ ተይዟል። ስሙን እንኳ ሳታውቅ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች።

ቀቢው፦ እንዲህ ያለ ሰውማ መታጠፊያውም ጋ አለ አሉ። ስም አውጥተውለታል።

ደራሲው፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ማን ብለው?

ቀቢው፦ ራስ ምታት።

(ደራሲው ትራሱን ይገለብጣል።)

ደራሲው፦ ማቆላመጣቸው ይሆናል።

ቀቢው፦ እንጃ። ሲገባ “መጣብን” ነው የሚባባሉት። እሷ ግን ታዝንለታለች። ይህን ሁሉ ኪኒን ሲውጥ ጨጓራው እንዳይላጥ ብላ፣ አሁን አሁን ቫይታሚን ነው የምትሰጠው።

(ደራሲው ከኪሱ ትንሽ ፖስታ ያወጣል። አንዷን ኪኒን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ያያትና መልሶ ይከታታል።)

ደራሲው፦ ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?

ቀቢው፦ እሷው።

ደራሲው፦ አንተ ምን ቤት ነህና?

ቀቢው፦ ልንጋባ ነው። ልነግርህ ስል ሁልጊዜ እያሰብክ አገኝሃለሁ። ላቋርጥህ ፈራሁ።

ደራሲው፦ (ግንባሩን ይዞ) አሁን እውነትም አመመኝ። እሺ፣ ምን ብለህ ነው የጀመርከው?

ቀቢው፦ “ግድግዳው አልደረቀም፣ እንዳትደገፊ” አልኳት። ተደገፈች። ጋውኗ ላይ ያለውን ቀለም ሳስለቅቅላት ወሬ ያዝን።

ደራሲው፦ ደካማ አጀማመር ነው።

ቀቢው፦ ይሆናል። እሷም ስቃብኛለች።

(ደራሲው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ቀቢው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቁልፉን መቆለፍ ይጀምራል።)

ደራሲው፦ ከአሁኑ ልንገርህ፤ ልቦለዴ ውስጥ ቦታ የለህም።

ቀቢው፦ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። እዚያ ገብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ይኸኔ ሳልጀመር ሸብቻለሁ።

(ይወጣል።)