ዳኛው በግና የታጠረው ኩሬ

ተረቴን ላወራ ነው፤ ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ ቀንድ ያለው አይቀየመኝ።

ድሮ፣ በህንድ አገር፣ ፀሐይዋ ድንጋይ በምታግልበት ጫካ ውስጥ ዝሆን፣ ነብር፣ ጎሽና ጦጣ አብረው ይኖሩ ነበር። አብረው ይኑሩ እንጂ አይስማሙም። ከዕለታት አንድ ቀን ከብርዳማ ደሴት በጎች በመርከብ መጡ። «ቁንዶ በርበሬ ገዝተን እንሄዳለን» አሉ። ዝሆንና ነብር ስለ ድንበር ሲጣሉ ግን «እናስታርቃችሁ» ብለው መሃል ገቡ። እንደገቡ ቀሩ፤ የጫካውም ገዥ ሆኑ። ነብር በበግ ሲገዛ ያየ ሁሉ ተገረመ፤ ከሁሉ የበለጠ የተገረመው ግን ራሱ ነብሩ ነበር።

በጎቹ በዚያ ሁሉ ሐሩር ጠጉራቸውን አይሸለቱም። «የተሸለተ ገዥ ማን ያከብረዋል?» ይላሉ። ስለዚህ እነሱ ያልባቸዋል፤ የአገሩ እንስሳ ያራግባል።

የወረዳው ዳኛ ሰር ባርናቢ የሚባል ወፍራም አውራ በግ ነበር። ክፉ አልነበረም። ሥዕል ይወዳል፤ ከሁሉም ይልቅ በራሱና በወገኖቹ እያሾፈ መሳል ይወዳል። የሚያራግብለት ቢሹ የሚባል ጦጣ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። በጫካው የተረፈው ውሃ አንድ ኩሬ ብቻ ሲሆን፣ በጎቹ «ለኳስ ሜዳችን ሣር ማጠጫ ነው» ብለው አጠሩት። እንስሳቱ ሸንጎ ተቀመጡና አያ ዝሆንን አማላጅ ላኩ።

አያ ዝሆን በዳኛው ፊት ተንበርክኮ፣ «ጌታዬ፣ እመት ጎሽ ከተኛችበት መነሳት አቅቷታል። አንድ አንድ ጉንጭ እንኳ ይፍቀዱልን» አለ። ሰር ባርናቢ ሙቀቱ ከብዶት እየሰማ አንቀላፋ።

ሲነቃ በጣም አፈረ። ወዲያው ቀለሙን አስመጣና ራሱን ሣለ፦ ጠጉሩ ዓይኑን የሸፈነው በግ በዳኝነት ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፤ ከፊቱ ዝሆን ተንበርክኮ ያለቅሳል። ከሥሩም «ፍትሕ ሲያንኮራፋ» ብሎ ጻፈ። በጎቹ ሥዕሉን በክለባቸው ሰቅለው በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። «ወይ እኛ! ምን ዓይነት ጅሎች ነን!» ተባባሉ።

ቢሹ ወሬውን ለሸንጎው ሲያደርስ እንስሳቱም ሳቁ። አያ ዝሆን እንባው እስኪወርድ ሳቀና «ጥፋቱን የሚያውቅ ጌታ አግኝተናል! አሁንማ ኩሬውን ይከፍተዋል» አለ።

ነብሩም «እኔ ድሮም ጨዋ ናቸው ብያለሁ» አለ።

ጠበቁ። ኩሬው አልተከፈተም። ሌላ ሥዕል ግን ወጣ፦ በጎች ኩሬው ውስጥ ሲንቦጫረቁ፣ የአገሩ እንስሳ ከአጥሩ ውጭ ምላሱን አውጥቶ ሲያይ። ይህኛው ከፊተኛው የበለጠ አሳቀ። ሥዕሉ በተሰቀለበት ቀን እመት ጎሽ ሞተች።

ቢሹ ማራገቢያውን አስቀመጠ። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ፣ ቢሹ።»

«ጥፋትዎን እንዲህ አሳምረው ካወቁት፣ ኩሬውን ለምን አያስከፍቱም?»

ሰር ባርናቢ ብሩሹን እንደያዘ ከልቡ ተገረመ። «ኩሬውን ካስከፈትሁማ ምን እስላለሁ?» አለና በራሱ ሳቀ። ቢሹ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮት ሳይስቅ ቀረ።

በቀጥታ ወደ ሸንጎው ሄዶ የሰማውን ተናገረ። አያ ዝሆን ተነሳ፤ ነብሩም ሳይጠራ ከጎኑ ቆመ። በቀትር፣ በጎቹ ኩሬው ውስጥ ተዘፍዝፈው ሳሉ፣ አጥሩን ረግጠው ገቡ። በጎቹ ሊከለክሏቸው ብድግ ለማለት ሞከሩ፤ ነገር ግን ያልተሸለተው ጠጉራቸው ውሃ ጠጥቶ ስለከበዳቸው መቆም አቃታቸው።

እንስሳቱ እስኪበቃቸው ጠጡ። ነብሩ አፉን እየጠረገ፣ «አንድ እርግጫ ብቻ ነበር የሚበቃው! ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ያዘን?» አለ።

አያ ዝሆን እመት ጎሽ ወደሞተችበት ጥላ እያየ መለሰ፦ «የሚቆጣ ጌታ ቢሆን በማግስቱ በተነሳንበት ነበር። ይሄኛው በራሱ እየሳቀ አሳቀን፤ እኛም ጥርሳችንን ስናሳይ ጉሮሯችን ደረቀ።»